የፊርማው ገጽ

ልዑልሰገድ ልጁን እሑድ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ዲላ መልሶ ማምጣት ነበረበት። አላመጣትም። ጽጌማርያም ደወለች፤ አያነሳም። ሰኞም ማክሰኞም ደወለች። ረቡዕ ጠዋት አጭር መልእክት ላከላት፦ «ባርኮት ከእኔ ጋር ትሆናለች። አትልፊ።»

ጽጌማርያም ዲላ ውስጥ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ከልዑልሰገድ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት በትዳር ኖረው ባለፈው ግንቦት በስምምነት ተፋቱ። እሱ ቡና ነጋዴ ነው፤ ከፍቺው በኋላ ታላቅ እህቱ ወዳለችበት ፍስሐ ገነት ሄዶ ተቀመጠ። አንድያ ልጃቸው ባርኮት አሥር ዓመቷ ነው። ፍርድ ቤቱ ያጸደቀው ስምምነት ግልጽ ነበር። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ አባቷ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ይወስዳታል፣ እሑድ ይመልሳታል። እስከ ኅዳር ድረስ እንደተባለው ሲወስድ ሲመልስ ቆይቶ ነበር።

«አትልፊ» የምትለውን ቃል ደጋግማ አነበበቻት። የገዛ ልጅን መፈለግ ልፋት ተባለ!

በማግስቱ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ፣ የውሳኔውን ግልባጭ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሚኒባስ ተሳፈረች። ይርጋጨፌን አልፋ ፍስሐ ገነት ስትደርስ ረፋድ ሆኗል። በሩን የከፈተችላት የልዑልሰገድ እህት አሰገደች ናት። ግቢ አላለቻትም።

«ልጅቷ እዚህ የለችም» አለች።

«የት ናት?»

«እኔ ምን አውቄ። አባቷ ነው የወሰዳት።»

«እትዬ አሰገደች፣ ባርኮት ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቀርታለች።»

«አራት ቀን ብትቀር ምን ትሆናለች? ይልቅ ፍርድ ቤት መመላለሱን ተዉትና በሽማግሌ ጨርሱት። አንቺም እናት ነሽ፣ ትንሽ ቻል አድርጊው እንጂ።»

ጽጌማርያም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው።

«አሥራ ሁለት ዓመት ቻልኩት!» ብላ ጮኸች። «ቻይ እያላችሁኝ ቻልኩት! አሁን የምጠይቅሽ ስለ ትዳሬ አይደለም። ልጄ የት ናት?»

መንገደኛ ቆመ፤ ጎረቤት ብቅ ብቅ አለ። አሰገደች አፈረች። «ኢዲዶ ናት፣ ቡናው ጋ» አለችና በሩን ዘጋችው።

ኢዲዶ ይርጋጨፌ አጠገብ ነው፤ ልዑልሰገድ ቡና የሚያሰጣው እዚያ ነው። ጽጌማርያም ወደ ይርጋጨፌ ተመልሳ ሞተር ያዘች። ነጂው ጭቃውን ፈርቶ ቀስ ባለ ቁጥር «ንዳው! ምን ትጠብቃለህ?» እያለች ጮኸችበት። ስትወርድ ይቅርታ ጠየቀችው። ሰውየው ግን ፊቷን አይቶ ኖሮ «እጠብቅሻለሁ» አላት።

በረጃጅሞቹ የማድረቂያ አልጋዎች ዙሪያ ሴቶች ቆመው ቡና ይለቅማሉ። ከመካከላቸው አንዲት ትንሽ ልጅ እሑድ ለመልበስ የያዘችውን ቀሚስ እንደለበሰች የተበላሸውን ፍሬ እየለየች ትጥላለች። ጽጌማርያም ልጇን በቀሚሷ ነው ያወቀቻት።

የለቃሚዎቹ ኃላፊ ሚስራ የምትባል የአካባቢው ሴት ነበረች፤ ቤቷ የምታወራው ጌዴኦኛ ነው፣ አማርኛዋን የገበያ ትለዋለች፣ ሴቱንም በወንድ ነው የምትጠራው። ወደ ጽጌማርያም ቀረብ አለች።

«እናቱ ነሽ? ልጁ ደህና ነው። እኔ ቤት በላ፣ እኔ ቤት ተኛ። ግን አለቀሰ። በጣም አለቀሰ።»

ባርኮት ቀና ብላ እናቷን አየቻትና ወደ ቡናው መልሳ አቀረቀረች።

«ባርኮት፣ ነይ እንሂድ።»

«አልሄድም።»

«ለምን?»

«አንቺ ትተሽኛል። ፈርመሻል።»

«ምን ላይ ነው የፈረምኩት?»

«አባዬ አሳይቶኛል። የአንቺ ፊርማ ነው፣ ደብተሬ ላይ የምትፈርሚው። ልጅቷን አልፈልግም ብለሽ ለዳኛ ፈርመሻል። ማኅተምም አለው።»

ጽጌማርያም ነገሩ ገባት። ስምምነቱ አራት ገጽ ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ የሁለቱ ስም፣ ፊርማና የፍርድ ቤቱ ማኅተም እንጂ ሌላ ነገር የለም። ያንን አንዱን ገጽ ነጥሎ ነው ያሳያት።

ግልባጩን ከቦርሳዋ አወጣች። «አንብቢው! ሁሉንም አንብቢው!» አለቻት። ባርኮት ጆሮዋን ደፈነች። ጽጌማርያም የልጅቷን ክንድ ይዛ ጎተተች፤ ልጅቷ ጮኸች፤ እናትየው አሁንም አለቀቀችም።

«ተይው! ያመዋል!» አለች ሚስራ መሃል ገብታ።

ስትለቃት የአራት ጣቶቿ ምልክት ቀልቶ ክንዷ ላይ ቀርቷል። ጽጌማርያም ምልክቱን እያየች ቆማ ሳለ ነው ልዑልሰገድ ከመኪናው የወረደው። እህቱ ደውላለት ነበር።

«ያው አያችሁ፣ በጉልበት ልትወስዳት ነው» አለ ወደ ሴቶቹ ዞሮ።

«ምን ብለህ ነው የነገርካት?»

«አልፈረምሽም እንዴ?»

«ከእኔ ጋር እንድትኖር ነው የፈረምኩት! አንተም ፈርመሃል! አንተ ውሸታም፣ ልጅህን!»

«እንግዲህ ውሰጃታ። ትሄድ እንደሆነ ጠይቂያት።»

ልትመታው ፈለገች። ድንጋይ እጇ ላይ ቢኖር ትወረውረው እንደነበር በኋላ ራሷ ተናግራለች። ባርኮት ግን ሁለቱንም ላለማየት ሚስራ ቀሚስ ውስጥ ተወሽቃ ነበር። እናትየው ዳግም በጉልበት እንዳትጎትታት ልጇን ለሚስራ አደራ ብላ ወደ ሞተሩ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ዲላ ፍርድ ቤት አቤቱታዋን አስገባች። ዳኛዋ አባትየው በሚቀጥለው ማክሰኞ ልጅቷን ይዞ እንዲቀርብ አዘዘች። በቀጠሮው ቀን ባርኮትን ውጭ አስቀምጣ መጀመሪያ ሁለቱን ቢሮዋ አስገባቻቸው።

«ለምን ዋሸሃት?» አለችው።

ልዑልሰገድ ሲያንገራግር ቆየና «ክብርት ዳኛ፣ ልጄን በሁለት ሳምንት አንዴ እንደ እንግዳ ማየት አልቻልኩም» አለ። «እሑድ አድርሻት ስመለስ መኪና ውስጥ አለቅሳለሁ። ከእኔ ጋር እንድትቀር ብዬ ነው።»

«እናቷ እንደጣለቻት ስትሰማ እሷስ አላለቀሰችም?»

ጽጌማርያም ደስ አላት። ዳኛዋ ግን ወደ እሷ ዞረች።

«አንቺስ፣ ስለ ፍቺው ለልጅሽ ምን ነገርሻት?»

«አባቷ ለሥራ ፍስሐ ገነት እንደሚኖር።»

«ስድስት ወር ሙሉ?»

«እንዳትጎዳብኝ ብዬ ነው።»

«ስለዚህ ልጅቷ መፋታታችሁን ያወቀችው ከዚያ ገጽ ነው። ገጹን አባቷ ሲያሳያት ከዚያ በፊት የምታውቀው ነገር ስለሌለ የነገራትን አመነች።»

ያን ሁሉ ቀን በልዑልሰገድ ላይ ሲነድ የከረመው ንዴት አሁን ወደ ራሷ ዞሮ የጽጌማርያምን ፊት አቃጠለው።

ባርኮት ተጠራች። ዳኛዋ አራቱንም ገጽ ሰጠቻት፤ ከበድ ያሉትን ቃላት እየተረጎመችላት ራሷ እንድታነብ አደረገች። ልጅቷ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ሕፃን ባርኮት ልዑልሰገድ ከእናቷ ጋር እንድትኖር» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆም አለችና እንደገና አነበበችው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«ይሄን ገጽ ለምን አላሳየኸኝም?»

ዳኛዋ ባርኮት የዚያኑ ቀን ወደ እናቷ እንድትመለስ ወሰነች። አባትየው ለሦስት ወር ያህል ልጁን ወደ ሌላ ቦታ እንዳይወስድ ከለከለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ዲላ ውስጥ ማኅበራዊ ሠራተኛ ባለችበት ቢሮ ለሁለት ሰዓት እንዲያገኛት ፈቀደች። ልዑልሰገድ «እንደ እስረኛ?» ብሎ ተቆጣ።

ባጃጅ ውስጥ ጽጌማርያም ልጇን ልታቅፍ እጇን ስትዘረጋ ባርኮት ገፋቻት።

«አንቺም ዋሽተሻል! ለሥራ ነው የሄደው ብለሽኛል! እኔ ለጓደኞቼ ሁሉ እንደዚያ ነው የነገርኳቸው! ክንዴንም አሳመምሽኝ!»

የባጃጁ ነጂ በመስታወቱ አያቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጽጌማርያም «ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» ትላት ነበር።

«አዎ፣ ዋሽቼሻለሁ» አለች። «ክንድሽንም አሳምሜሻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ባርኮት ቤት እስኪደርሱ አለቀሰች፤ ራት አልበላም አለች፤ እናቷም አላስገደደቻትም። የነገሩን ሁሉ እውነት፣ ለምን እንደተፋቱ ጭምር፣ ልጅቷ እየጠየቀች እሷ እየመለሰች ሳምንት ፈጀባቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ባርኮት አባቷን አላይም ብላ የቢሮው ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ቀረች። ጽጌማርያም በልቧ ደስ እያላት፣ ደስ ስላላትም እየተናደደች አጠገቧ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቅዳሜ ልጅቷ ሳትጠየቅ ተነሥታ ገባች። በሩ ገርበብ ስላለ የምትለው ይሰማል።

«ዋሽቼሻለሁ በለኝ።»

«ስታድጊ ይገባሻል፣ ልጄ።»

«አሁን ነው የምፈልገው።»

ባርኮት ፊቷ ቀልቶ፣ ከንፈሯን ነክሳ ወጣች። ጽጌማርያም ብድግ አለች። ገብታ ልትጮህበት ቃሉ ሁሉ አፏ ላይ ነበር፤ ልጅቷ እጇን ያዘቻት።

«ተይው፣ የእኔ ጉዳይ ነው» አለቻት። «በሚቀጥለው ቅዳሜም እመጣለሁ ብዬዋለሁ። ዋሽቻለሁ እስኪለኝ ድረስ እመጣለሁ።»