የካሴት ጭራ

አሮጌ ካሴት የሚሸጡት ሰዎች «ጋሽ ጭራ» ይሉታል። ሌላው ደንበኛ ሽፋን ያያል፣ የዘፋኝ ስም ያነባል፣ ሲብስበትም የመጀመሪያውን ዘፈን አስከፍቶ አንገቱን ይወዘውዛል። እሱ ግን ስሙን እንኳ ሳያይ ካሴቱን ገልብጦ እስከ ጫፉ ያጠነጥንና የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ብቻ ሰምቶ ይመልሰዋል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሃምሳ ካሴት እንዲህ ያደርጋል። ሻጮቹ ፊቱን ሲያዞር ይሳሳቃሉ፤ ያውቃል፣ ጉዳዩም አይደለም።

ነካ ያደረገው ሰው አይደለም። ድሮ የራሱ ሙዚቃ ቤት ነበረው። ሰው የሚወዳቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ያመጣለታል፣ እሱ ባዶ ካሴት ላይ ይቀዳለታል። ዘፈኖቹ አልቀው ቦታ ከተረፈ ደግሞ፣ በከንቱ ከሚሽከረከር ብሎ የታናሽ እህቱን ዘፈን ይጨምርበት ነበር። እህቱ ባንኮኒው ጋ ቆማ እየሸጠች የምታንጎራጉር ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ማይክሮፎን ፊቷ ላይ ደቅኖ፣ ራሷ የደረሰቻትን አንዲት ዘፈን አዘፈናት። ሌላ አልዘፈነችም፤ በዓመቱ ታማ ሞተች። ዋናውን ቅጂ ደግሞ ሥራ ባጣደፈው አንድ ቀን ባዶ መስሎት የሰው ዘፈን ቀዳበት። በገዛ እጁ። ይህን ለማንም አልተናገረም። ሻጮቹ የሚፈልጋትን ዘፈን እንጂ ዘፋኟ የማን እህት እንደሆነች አያውቁም።

እስካሁን ዘፈኗ ያለበት ሦስት ጭራ አግኝቷል። አጭሩ አርባ ሴኮንድ፣ ረጅሙ ሁለት ደቂቃ ነው። ሦስቱም ካሴቱ አልቆባቸው መሀል ላይ ይቆረጣሉ። እሱ የሚፈልገው ደግሞ መጨረሻውን ነው፤ ዘፈኑ ሲያልቅ የምትናገረውን። ቃሉን አልረሳውም። የረሳው ስታወራ የነበራትን ድምፅ ነው።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ አንዱ ሻጭ ደውሎ ጠራው። አንዲት ሴት ቴፕዋ ካሴት እየበላ አስቸግሯት ልታስጠግን መጥታለች፤ ሲሞክርላት የሰማው ጭራ ያቺው ዘፈን ሳትሆን አትቀርም። ጋሽ ጭራ ቁርሱን ትቶ ወጣ።

ሴትዮዋ በእሱ ዕድሜ ያለች ናት፤ ካሴቱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ባሏ ገና ሳይጋቡ የሰጣት ነው። ስድስት ዘፈን ብቻ ነበር ያስቀዳላት፤ ስድስቱን በየሬዲዮው ሰምታቸዋለች። የመጨረሻውን ግን የትም ሰምታው አታውቅም።

«ለእኔ ብሎ ያሠራው ነው» አለች። «ስጠይቀው ይስቅ ነበር እንጂ አይነግረኝም። ካረፈ ወዲህ እሱን ሳልሰማ አልተኛም።»

ጋሽ ጭራ ስድስት ዘፈን ብቻ ያስቀዳውን ሰው አስታወሰው፤ ረጅም፣ ችኩል ደንበኛ። ምን እንደተጨመረለት እንኳ ሳያውቅ ነበር ይዞ የሄደው። እውነቱ አፉ ላይ መጣ። እህቱ ናት፤ ስሟ አንድም ቦታ አልተጻፈም። አሁን ዝም ካለ የማያውቃት ሰው ስጦታ ሆና ልትቀር ነው። ይህ አንገበገበው። ቀና ብሎ የሴትዮዋን እጆች አየ።

«ባለቤትዎ ምርጫ ያውቁ ነበር» አለ። «ልቅዳው፣ ይፈቅዱልኛል?»

ፈቀደችለት። ሻጩ ሁለት ካሴት የሚይዘውን ቴፕ አወጣ። ዘፈኑ ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ሴትዮዋ ቃል በቃል በከንፈሯ ተከተለችው። ከዚያ የልጅቷ የወሬ ድምፅ መጣ፤ ጎርነን ያለ፣ ሳቅ ያፈነው።

«በቃ ጨረስኩ ወንድም ጋሼ፣ አጥፋው።»

«ወንድም ጋሼ የምትለው ማንን ይሆን እያልኩ ስንት ዓመት አሰብኩ መሰለዎት» አለች ሴትዮዋ።

«ቀጂውን ይሆናል» አላት።

ጣቱ ማጥፊያው ላይ ነበር። ያን ጊዜ አጥፋው እንዳለችው ነበር ያጠፋው። አሁን ጣቱን አነሳና፣ ካሴቱ ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ በራሱ ቀጭ ብሎ እስኪቆም ባዶውን አዳመጠ።