ሁለቱ አርባ አራቶች

ሁለተኛውም የውሃ ፓምፕ እንቢ አለ። ንቺሙንያ ከትራክተሩ ሥር ወጥቶ ፓምፑን እንደ ሞተ ዶሮ አንጠልጥሎ ለቺፔጎ አሳያት።

«አራት ብሎን ይፈልጋል፤ ሞተሩ ያለው ቀዳዳ ግን ሦስት ነው። አክስቴ፣ እስከ መቼ?»

ንቺሙንያ የሟች ባሏ የእህት ልጅ ነው፤ በደቡብ ዛምቢያ በቶንጋዎች ደንብ የአጎቱ ንብረት ለእሱ ያልፋል። ጨካኝ ግን አልነበረም። ዘመድ በተሰበሰበበት ዕለት፣ «ትራክተሩ የሚሠራ ከሆነ እሷ ጋ ይቆይ» ብሎላታል። የመጀመሪያው ዝናብ እስኪጥል ካልተነሳ ግን ተፈታቶ ይሸጣል። ጥቅምት እየተገባደደ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ደመናው ከብዶ እየዋለ ሳይጥል ይበተናል።

ተሰንጥቆ ውሃ ያንጠባጥብ የነበረውን የትራክተሩን ፓምፕ የፈታው ባሏ ሂሞንጋ ነበር። በከረጢት አድርጎት እንደ ልማዱ ብቻውን በአውቶቡስ ሉሳካ ሄደ። እዚያ ታመመ። በአራተኛው ቀን አስከሬኑ መጣ፤ ከረጢቱ አልመጣም። ስለዚህ ለሻጭ የምታሳየው አሮጌ ፓምፕ አልነበራትም። ያላት የትራክተሩ ኮፈን ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው፤ አርባ አራት።

በማግስቱ ፓምፑን ይዛ ቾማ ከተማ፣ ከገዛችበት ከቼሎ የመለዋወጫ ሱቅ ገባች። ቼሎ የሂሞንጋ ወዳጅ ነበር፤ ከወዳጅም አልፎ ተሳዳቢው። እሱ የንብ ጎሳ ነው፣ ሂሞንጋ የዝሆን። ንብና ዝሆን ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ቢሰዳደቡ አይቀያየሙም። ቀብር ላይ ሳይቀር ተሳዳቢው ተነስቶ በሟቹ ይቀልዳል፤ ለቀስተኛው ይስቅና ወደ ቤቱ ይገባል። በሂሞንጋ ቀብር ግን ቼሎ ተነሳ፣ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ተቀመጠ። ሰዉ ሳይስቅ ተበተነ።

«የሉያንዶ እናት» አላት በልጇ ስም እየጠራት፣ ፓምፑን ሲያይ፣ «ደግሞ መለስሽው? የጠላሽው እሱን ነው ወይስ እኔን?»

«ቀዳዳው ሦስት ነው ይላል ንቺሙንያ።»

«ሦስት?» ቼሎ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ይኸውልሽ፣ አርባ አራት የሚባል ትራክተር ሁለት ነው። ፋብሪካው የመጀመሪያውን መሥራት አቆመና፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ያንኑ ቁጥር ለሌላ ትራክተር ሰጠው። ቁጥራቸው አንድ ነው፤ ሆድ ዕቃቸው አይተዋወቅም። አሮጌው ነው አዲሱ ብዬ ጠይቄሽ ነበር እኮ።»

«አዲሱ ነው ብያለሁ። ባለቤቴ ሁልጊዜ አዲሱ ነው ይል ነበር።»

«ለእኔማ ስንቴ ምሎልኛል! ‹አንተ የአበባ ለማኝ፣ እንዲህ ያለ ትራክተር በዓይንህ አይተህ ታውቃለህ?› እያለ።» ፈገግ አለና ፈገግታው ቶሎ ጠፋ። «ግን ከእኔ አንዲት ብሎን ገዝቶ አያውቅም። ሱቄ አፍንጫው ሥር እያለ ሉሳካ ይሄድ ነበር። ለምን ይመስልሻል?»

ቺፔጎ አታውቅም። ጠይቃውም አታውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ኖራ ሳትጠይቀው የቀረችው ነገር ብዙ ነው።

«ከመሪው በታች በግራ በኩል ትንሽ ቆርቆሮ አለች» አላት። «እዚያ ላይ የተመታው ቁጥር አይዋሽም። እሱን አምጪልኝ።»

ቆርቆሮዋ በቀለም ተሸፍና አገኘቻት። ሂሞንጋ በየዓመቱ በቆሎው ከገባ በኋላ ትራክተሩን በገዛ እጁ ሰማያዊ ይቀባው ነበር፤ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ እንደ ተማሪ። ቆርቆሮዋ ላይ ቀለሙ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይወፍራል። ከብሩሹ የተነቀለ አንድ ፀጉር እዚያው ደርቆ ቀርቷል። ቢላዋ አመጣች፤ ጫፉን አስጠጋች፤ መልሳ ወደ ወጥ ቤት ወሰደችው።

ሦስት ቀን ጠብቆ ቼሎ ራሱ መጣ።

«አላነበብኩትም» አለችው ከመኪናው ሳይወርድ። «ቀለም ተቀብቶበታል።»

ቼሎ ፊቷን አየና ከመኪናው ወረደ። የበቆሎ ገንፎውን፣ ንሺማውን፣ በእርጎ አቀረበችለት፤ ስለ ሙቀቱና ስለ ከብቶቹ እያወሩ በሉ። እጁን ከታጠበ በኋላ፣ «የማትፈልጊ ከሆነ አልነካውም። ሌላ መንገድ እንፈልጋለን» አላት።

«ሌላ መንገድ አለ?»

«የለም።»

ሳቅ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት። ቢላዋውን አምጥታ ራሷ ፋቀችው፤ የቆርቆሮዋን ስፋት ያህል ብቻ፣ አንዲት ጭረት ሳታሳልፍ። የተፋቀውን ሰማያዊ ፍቅፋቂ በሽርጧ ጫፍ ቋጠረችው።

ቼሎ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰ መሰላት።

«አሮጌው ነው!» አለ እንባውን እየጠረገ፤ ይስቅ ነበር። «የመጀመሪያው አርባ አራት! አሮጌውን አዲስ ነው ብለው ሸጡለት፣ እሱ ለእኔ ማለ። እውነቱን ሲያውቅ መመለሻ አጣ። ንቡ እንዳይነድፈው በየዓመቱ ቀለም ይደርብበታል! ዕቃ ከእኔ ከገዛ አውቅበታለሁ፤ ስለዚህ ሉሳካ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት!» ቆርቆሮዋን በጣቱ ዳሰሳት። «እኔ ደግሞ ሌባ መሰልኩት ብዬ ነበር። አላመነኝም ብዬ።»

ቺፔጎ ያንን የመጨረሻ የሉሳካ ጉዞ ማሰብ ጀመረችና ተወችው።

«የሙኔካ አባት» አለችው፣ «ቀብሩ ላይ ዝም ብለዋል።»

«አፌ እንቢ አለኝ።»

«አሁንስ?»

መቃብሩ ከከብቶቹ በረት ኋላ ነው። ቼሎ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከዚያ መልሶ አጠለቀው፤ ለስድብ ባርኔጣ አይወለቅም።

«አንተ ዝሆን!» አለ ጮክ ብሎ። «ጆሮህ የቤት በር ያክላል፣ ቂጥህ ጎተራ ያክላል፤ ከአንዲት ንብ ለመደበቅ ግን ስንት ጣሳ ቀለም ጨረስክ! እስቲ ተነስና አሁን ማልልኝ! እኔ የአበባ ለማኝ፣ አንተ የቀለም ለማኝ!»

ቺፔጎ አፏን በእጇ ያዘች። አልሆነላትም። ከሆዷ ሳቀች፤ ከተቀበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሳቁ ሲያልቅ የተከተለውን ለቅሶ ቼሎ እንዳላየ ሆኖ በረቱን ተመለከተ።

የአሮጌው አርባ አራት ፓምፕ በቼሎ መደርደሪያ ሥር፣ ጠያቂ አጥቶ ለዓመታት አቧራ ሲጠጣ ኖሯል። በማግስቱ ይዞት መጣ። ንቺሙንያ ውሃ እንዳያሾልክ አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጎ ገጠመው፤ ሦስት ብሎን፣ ሦስት ቀዳዳ። ራዲያተሩን ሞሉት። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ተነሳ።

ቺፔጎ ጎንበስ ብላ መዳፏን ከፓምፑ ሥር ዘረጋች።

«አክስቴ፣ እጅሽን!» ጮኸ ንቺሙንያ። «ማራገቢያው!»

አላነሳችውም። ብዙ ጠበቀች። መዳፏ ደረቅ ነበር።

ንቺሙንያ መቀመጫው ላይ ወጥቶ ሰማዩን አየ፤ ቀጥሎ እሷን።

«ከየት ልጀምር?»

«ከታችኛው ማሳ» አለችው። «እሱ ከዚያ ነበር የሚጀምረው።»