አቼቶ ስፌት ቤት ገባ

ልብስ ሰፊዋ እትዬ ሜትር ከምራቷ ጋር የማትስማማበት ነገር ቢኖር አቼቶ ነበር። ምራቲቱ ማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት ሲይዝ አቼቶ አፍልታበት ታስለቅቃለች፤ መስታወቱን በአቼቶ ትወለውላለች፤ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸት መክተፊያም ሆነ ጠረኑ የተለወጠ ፍሪጅ ከእሷ አቼቶ አያመልጥም። «ቤቴን ሰላጣ አደረገችው!» ትላለች እትዬ ሜትር ለመጣ ለሄደው ሁሉ። ጠርሙሱ ስፌት ቤቷ ዝር እንዳይል ከልክላለች። ምራቲቱንም ብትሆን ቁልፍ ከመትከልና ከመተኮስ አታሳልፋትም፤ ልክ ማስወሰድማ የማይታሰብ ነው።

እትዬ ሜትር የተባለችው ሜትሩ ከአንገቷ ስለማይወርድ ነው። ያ ሜትር ታዲያ ከመነሻው አምስት ሴንቲ ተቆርጧል። እሷ ምን ቸገራት! ልክ ስትወስድ መቶ አምስት ካነበበች መቶ ብላ ትጽፋለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርታ አንድም ቀን አልተሳሳተችም። ባለፈው ወር ልጇ አዘነላትና አዲስ ሜትር ገዝቶ አሮጌውን ጣለባት። እጇ አዲሱን ለመደ፤ ጭንቅላቷ ግን አምስት መቀነሱን አልተወም።

ጉዱ የታየው በርክክቡ ዕለት ጠዋት ነው። አዲስ የሚከፈት ሆቴል አሥራ ሁለት የአስተናጋጅ ሱሪ አዟታል። ሥራ አስኪያጁ ካማረው የሠራተኛውን ልብስ በሙሉ ለእሷ ሊሰጥ፣ ካላማረው ደግሞ ለፋብሪካ ሊሰጥ ቁርጡን ተናግሯል። ከአስተናጋጆቹ አንዱ ቀደም ብሎ መጥቶ ሱሪውን ለካና ቁርጭምጭሚቱን ቁልቁል አየ።

«እትዬ፣ ወንዝ ልሻገር ነው እንዴ?»

እትዬ ሜትር ደብተሩን አየች፤ ሜትሩን አየች፤ መልሳ ደብተሩን አየች። ያኔ ገባትና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ወገባቸውን ላስቲኩ አዳነው እንጂ ቁመታቸው የአሥራ ሁለቱም አምስት አምስት ሴንቲ አጥሯል።

ደግነቱ ጠርዝ ስታጥፍ ጨርቅ አትሰስትም። አንዱን ፈታችው፤ ርዝመቱ ደረሰ። ነገር ግን በጋለ ካውያ የተተኮሰው የድሮ እጥፋት በጥቁር ሰማያዊው ጨርቅ ላይ በጠመኔ የተሰመረ መስሎ ቀረ። ውሃ ረጭታ ተኮሰችው፤ አልለቀቀም። ደግማ ተኮሰችው፤ ጭራሽ ባሰበት። ሃያ ዓመት የደከመችበት ስም በአንድ መስመር ሊሄድ ነው። አለቀሰች። ምራቷ ስታለቅስ አይታት አታውቅም ነበርና ካውያውን ከእጇ ተቀብላ ጠጋ አለች።

«እማዬ፣ አትቆጪኝና...»

«አቼቶ እንዳትይኝ!»

«አቼቶ።»

እትዬ ሜትር አፍንጫዋን ጠረገች። «በይ አምጪው! ከዚህ ወዲያ ምን እሆናለሁ?»

ምራቲቱ እየሮጠች ሄዳ እየሮጠች መጣች። አንድ ስኒ አቼቶ በሁለት ስኒ ውሃ ቀላቀለች። ቀለሙ እንዳይለቅ ብላ አስቀድማ ከውስጥ በኩል፣ በማይታይበት ቦታ ሞከረችው። ከዚያ መስመሩን አራሰች፣ ንጹሕ ጨርቅ ደረበችና ካውያውን ጫን አደረገችበት። ጭስስስ አለ፤ ቤቱ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ። ጨርቁን ስታነሳ መስመሩ ደብዝዟል። ስትደግመው ጠፋ።

እትዬ ሜትር ሱሪውን ነጥቃ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። አገላበጠችው፤ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። ምንም የለም።

«ወይ ጉድ! ወይ የኔ ልጅ!» ብላ ምራቷን አንገቷን አንቃ ሳመቻት። መርፌው ውስጥ ክር ያስገባችላትም ምራቲቱ ናት። አንዷ ስትፈታ አንዷ ስትተኩስ፣ አንዷ ስትሰፋ አንዷ ስትሰቅል፣ ለምሳ እንኳ ሳይቀመጡ አሥራ ሁለቱን ጨረሱ። መስኮቱን ከፍተው ሽታውን አስወጡ።

ሥራ አስኪያጁ ከሰዓት በኋላ አስተናጋጁን አስከትሎ መጣ። ጠርዙን አንድ በአንድ እየገለበጠ መረመረ። አስተናጋጁ ሱሪውን ለብሶ ወዲያ ወዲህ አለ፤ የሱሪው እግር ጫማው ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ።

«እጅዎ ይባረክ እትዬ! የቀረውም ልብስ የእርስዎ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሰኞ መጥተው የወጥ ቤት ሠራተኞቹን ልክ ይወስዳሉ።»

እትዬ ሜትር ሜትሩን ከአንገቷ አወጣችና ምራቷ አንገት ላይ አጠለቀችው።

«ልክ የምትወስደው እሷ ናት» አለች። «እሷ አምስት አትቀንስም።»