ለሁለት ሰው የተያዘ ጀልባ

ወንድሜ ፍራኦል ከመሞቱ በፊት ለራሱና ለአባባ ጀልባ ቡክ አድርጎ ነበር፤ ኦንታሪዮ ሐይቅ ላይ ፓይክ የሚባለውን ጥርሳም አሳ ለማጥመድ። ካንስል ላድርገው ብል አባባ እምቢ አሉ። አርባው እንደወጣ ከስካርቦሮ ነድቼ ወሰድኳቸው። በፍራኦል ቦታ እኔ ተቀመጥኩ።

ፂማቸውን ገና አልተላጩም። ጥቁሩ ሸሚዛቸው ላይ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ደረቡ። ባለጀልባው ፈረንጅ፣ "ፈገግ በሉ በላቸው" እያለኝ ስልኩን ይደግናል። ልገፈትረው ምንም አልቀረኝም።

አባባ መጀመሪያ ክንድ የማታክል አሳ ያዙ። ሰውየው፣ "ለእራት ትሆናለች" ብሎ በረዶ ውስጥ ከተታት። ቀጥሎ ግን አንድ ግዙፍ፣ ጀርባው የጠቆረ ሽማግሌ አሳ ወጣ። እሱን ቀስ ብሎ ከመንጠቆው አላቀቀና ወደ ውሃው መለሰው።

"ለምን ለቀቀው፣ ዓለምሸት?" አሉኝ አባባ።

"ደንባቸው ነው። ትልልቁን ይለቃሉ፤ የሚወስዱት ትንንሹን ነው።"

አባባ አሳው የጠፋበትን ውሃ ሲያዩ ቆዩ።

"እንደ እግዜር ነዋ!" አሉ።

ሰውየው ምን እንዳሉ ጠየቀኝ።

"እያመሰገኑህ ነው" አልኩት።