ድቧ

«ቫይረስ ነው ያለህ ማነው?» አለች አራባ፣ በጋናዋ ኬፕ ኮስት ከተማ የአንድ ኢንተርኔት ካፌ ባለቤት።

«ኢሜይል ደረሰኝ፣ እትዬ። የድብ ምስል ያለበት ፋይል ካገኛችሁ ደምስሱ ይላል። ስፈልገው በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አገኘሁት!» አለ ሠራተኛዋ ኤቦ።

«ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ ፋይል ነዋ፣ ደንቆሮ! ሌባ ፎቶውን ለጥፎ ይሰርቃል?»

«እና ምን አጠፋሁ?»

«ፋይሉን! ይባስ ብለህ ለደንበኞቹ ሁሉ ‹ኮምፒውተሮቻችን ታመው ነበር› ብለህ ጻፍክ። ከዚያ ወዲህ ማን ገባ? አሁኑኑ ተሳስቻለሁ በላቸው!»

«ሞቼ እገኛለሁ! አዋቂ ሲሉኝ ኖረው ሊስቁብኝ?»

«ቤቴ ሊዘጋ ነው፣ አንተ ስለ ሳቅ ታወራለህ!»

ሁለቱ ሲጯጯሁ፣ ጥግ ላይ የቀሩት ብቸኛ ደንበኛ መምህር ኳንሳ የጀመሩትን ደብዳቤ ሳይልኩ ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ።