በክር የምትበረው ሻሽ

ኤርካሎ የሶዶ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ አርባ ዓመቱን ደፍኗል። የሚሰበስበው ግን በክር የሚበሩ ወረቀቶችን ነው። አሠራሩን በተማሪነቱ ያሳየው አንድ ህንዳዊ መምህር ነው፤ የሸምበቆ ስንጥቅ፣ የስኳር ወረቀት፣ የዱቄት ሙጫ፣ ከአብደላ ሱቅ የተገዛ ጠንካራ ክር። አሥራ አንዱ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል። ሰዉ ልጅ ባይኖረው ነው እያለ ያማዋል። ሐሜቱስ እውነት ነበረው።

አሥራ ሁለተኛዋ ከሚስቱ ከሽታዬ ነጭ የሐር ሻሽ የተሠራች ናት። ሽታዬ እሑድ ጠዋት ስፌቱን ትፈታና ሻሿን አስራ ጸሎት ቤት ትሄዳለች፤ ከሰዓት በኋላ መልሳ ሸምበቆው ላይ ትሰፋታለች። ትልቅ ስለሆነች አንድ ሰው አያስነሣትም። ሽታዬ እስከ ሜዳው ጫፍ ይዛት ሄዳ ትለቃታለች፣ ኤርካሎ ክሩን ይዞ ይሮጣል። በ1954 ጥቅምት ላይ ሽታዬን ወባ ገደላት።

ኅዳር ሲጋመስ ፈጠነች የምትባለው ታላቅ እህቷ ከአረካ መጣች። የሟች ልብስ ለእህቶቿ ይከፋፈላል፣ ወጉ ነው። ኤርካሎ ሣጥኑን ከፍቶ ቀሚሱንም ጋቢውንም አወጣላት። ፈጠነች ሁሉንም አጣጥፋ ስታበቃ ነጯ ሻሽስ የት ገባች አለችው። ሲፈራው የሰነበተው ይህንኑ ነበር። ሻሿን ከሰጠ ከሚስቱ ምንም አይተርፈውም።

«አብራት ተቀበረች» አለ።

ምስኪን፣ መዋሸት እንኳ አያውቅበትም። ሬሳዋን አጥባ የገነዘቻት ፈጠነች ራሷ ነበረች። አልተቆጣችውም፤ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። አሥራ አንዱ ፊታቸውን ሰጥተዋል፣ አንዷ ብቻ ጀርባዋን ሰጥታ ተሰቅላለች። ፈጠነች አውርዳ ገለበጠቻትና የእህቷን ስፌት በጣቷ ዳሰሰች። ይሄ ምን ይሠራል ብላ ጠየቀችው። ለማሳየት ሁለት ሰው ያስፈልጋል አላት።

ሜዳ ወረዱ። ፈጠነች ሽታዬ ትቆምበት ከነበረው ጫፍ ቆማ ለቀቀቻት፤ ሻሿ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ወጣች። ኤርካሎ ክሩን አስያዛት። ክሩ ሲጎትታት ጊዜ ፈጠነች አለቀሰች።

«አንተጋ ትቅር» አለችው። «የሁለታችሁ ናት።»

ሲመኝ የከረመው ይህንኑ ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ ሊል አፉን ከፈተ። ግን ፈጠነች ነገ አገሯ ትገባለች፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳው ጫፍ ሄዶ የሚይዝለት ማን ነው? ሻሿ ግድግዳ ላይ አቧራ ለብሳ ስታረጅ ታየችው። ብቸኝነቱ እንደዚያን ቀን ገዝፎ ታይቶት አያውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ስፌቱን ራሱ ፈታ። የአረካው የጭነት መኪና ሳይነሣ ደረሰና ሻሿን ሰጣት። ፈጠነች አላንገራገረችም፤ ራሷ ላይ አስራት ጭነቱ ላይ ወጣች።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ኤርካሎ ከኋላዋ አያት። እህትማማቾች ናቸውና አንገታቸውም ትከሻቸውም አንድ ነው። ቻለው ቻለውና አቃተው።

«ሽታዬ» ብሎ ተጣራ።

ፈጠነች ሳትዞር «አቤት» አለችው።