የበረኛው ጠባብ ጫማ

በረኛው ቦሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሮቤ ሲመለስ ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ለዓመታት የትልቅ ክለብ በረኛ ነበር፤ ስሙን በሬዲዮ እየሰማን ኮርተንበታል። አምና ቡድኑ ውጭ አገር ሄዶ ሲጫወት ግማሾቹ እዚያው ቀሩ። እሱ ግን መጣ፤ ያውም ክለቡን ትቶ ለሮቤ ሊጫወት። ጤነኛ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ሊሰልለን የላከው ቢኖር ነው አልን።

ሻይ ቤቴ ሲመጣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ የሰው እግር ያያል። ፊት አይደለም፣ እግር! አንድ ቀን አላስችል አለኝ።

«መሬት ላይ ምን ጠፍቶብህ ነው?»

«ልማድ ነው አዴ፣ እናቴ። ኳስ መቺ በዓይኑ ይሸውደኛል፤ እኔ እግሩን ነው የማየው።»

መልሱ አልተዋጠልኝም። ታላቁን ልጄን ለጦር ሜዳ ወስደው አልመለሱልኝም። ታናሹን ሙሉካን ከብሔራዊ ውትድርና ጓዳዬ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ለዚህ እግር ተመልካች ሻይ ስቀዳ የጓዳውን በር በጀርባዬ እከልል ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ቦሩ ሻዩን ይዞ እንደተቀመጠ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ደጀኔ ጠመንጃውን አንግቶ ገባ። ዓይኑ ቀጥ ብሎ ጓዳው በር ላይ አረፈ። ጭቃ የለበሰ ጫማ! ሙሉካ ወደ ጓሮ ወጥቶ ሲመለስ አውልቆ ትቶታል።

«ጓዲት ጁሀራ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው፤ ዝናብ አበስብሶት ነው ያወለቅኩት» አለ ቦሩ። በካልሲ ብቻ ነበር። መቼ እንዳወለቀ አላህ ይወቅ፤ የራሱን ጫማ በእግሩ ወደ እኔ ሲገፋው በቀሚሴ ሸፈንኩት።

ደጀኔ የቦሩን ግዙፍ እግር አየ፤ ጫማውን አየ።

«ያንተ ከሆነ አድርገው። እስከ ጎባ በእግርህ ትሄድበታለህ፤ እዚያ የሚጠይቁህ ሰዎች አሉ።»

ቦሩ ጥርሱን ነክሶ እግሩን አስገባ። የጎባ መንገድ በልክ ጫማ እንኳ ያደክማል።

በማግስቱ ለቀቁት። ለማንም ምንም አልተናገረም፤ እኔ ግን የራሱን ጫማ ስመልስለት ካልሲው ላይ ደም አየሁ። የእግሩ አውራ ጣቶች ጥፍሮች ወልቀዋል።

እሁድ ከጎባ ቡድን ጋር ግጥሚያ ነበር። ቦሩ መሬቱን ገፍቶ መዝለል አቃተው፤ ሦስት ጎል ገባበት። ሦስቱም ድሮ በአንድ እጁ የሚያወጣቸው ነበሩ።

ሰኞ ሻይ ቤቴ ጢም አለ።

«ሸጠን!» ይላል ዳቦ ጋጋሪው ቱፋ። «ሐሙስ ጎባ ሄደ፣ እሁድ ለጎባ ሦስት አሳለፈ። ምን እንደሰጡት ማን ያውቃል?»

ቦሩ ግድግዳውን ተደግፎ ይሰማል። ደጀኔም በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል።

«እርስዎስ አዴ ጁሀራ፣ ምን ይላሉ?» አለኝ ቱፋ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከጓዳ ሙሉካ ሳሉን ሲያፍን ሰማሁት። ቦሩ ያን ቀን እግሬን ሳይሆን ፊቴን አየኝ፤ እንደነሱ በይ በሚል ዓይን።

«ሸጦናል» አልኩ ጮክ ብዬ። ምላሴን ብቆርጠው በወደድኩ።

ቦሩ ሻዩን ጨርሶ ተነሳ። እግሩን በሚያየው በደጀኔ አጠገብ ሲያልፍ፣ እንዳያነክስ ተጠንቅቆ ቀጥ ብሎ ሄደ።